አራተኛው ኩባያ

ደብዳቤው አጭር ነበር። የወይራ አምባ ገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር አጥናፉ ወልደ ሚካኤል በእርሳስ ጽፎ የማኅበሩን ማኅተም ሁለት ጊዜ አትሞበታል።

«አባቴ መሪጌታ ወልደ ሚካኤል ዛሬ ቅዳሜ ንጋት ላይ ሞተዋል። የገደለቻቸው ሚስታቸው ባፈና ናት። የውሃውን እንስራ ቆልፋ በጥም ጨርሳቸዋለች። እኔ ነኝ የገደልኳቸው ብላ በሰው ፊት አምናለች። መጥታችሁ ውሰዱልን።»

ምክትል መቶ አለቃ ፈንታሁን ደብዳቤውን መካነ ሰላም ፖሊስ ጣቢያ በረንዳ ላይ እየተንጎራደደ አነበበው። ቁጭ ብሎ ማንበብ የማይሆንለት ሰው ነበር። አራት ዓመት ሶፊያ ላይ የወንጀል ምርመራ ተምሮ ከተመለሰ ገና ዘጠኝ ወሩ ነው። ባልደረቦቹ «ቡልጋሪያው» ይሉታል። እዚያ ሳለ ስለ አገሩ ሲጠየቅ ሁሉን እንደሚያውቅ ሆኖ ይመልስ ነበር፤ ከተመለሰ ወዲህ ግን ስለ አንድም ነገር እርግጠኛ መሆን አቅቶታል።

ሟቹን ያውቃቸዋል። ሐሙስ ዕለት በበቅሎ መጥተው፣ ከጠረጴዛው ፊት ተቀምጠው እያለከለኩ፣ «ሚስቴ ውሃ ከለከለችኝ» ብለው አቤት ብለዋል። ፈንታሁን በደንብ አስተናግዶ፣ ቃላቸውን ጽፎ፣ ሰኞ እመጣለሁ ብሎ ሸኝቷቸው ነበር። ሰኞን አልጠበቁም።

በቅሎ አስጭኖ ወጣ። ጊዜው የ1972 ዓ.ም. ግንቦት ነው። በዓለ ሃምሳ ገና አልወጣም፤ ማሳው ታርሶ ዝናብ ይጠብቃል። ወይራ አምባ ሲደርስ ረፋድ ላይ ሆኗል። ከመሪጌታ ደጃፍ ለቀስተኛው ሞልቷል። ካህናቱ ቀብሩ ከዘጠኝ ሰዓት እንዳያልፍ አሳሰቡት። አጥናፉም ከቀብሩ በኋላ እንጀራ እናቱን ባፈናን ይዞ እንዲሄድ ሁለት የማኅበሩን ታጣቂዎች አዘጋጅቶለታል።

«ቤቱም መሬቱም ለማኅበሩ ይመለሳል» አለ አጥናፉ። «ነፍሰ ገዳይ መሬት አይኖራትም።»

ፈንታሁን ወደ ውስጥ ገባ።

መሪጌታ እንደሞቱ አልተነኩም። መደቡ ላይ ተቀምጠው፣ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው፣ በሁለት ትራስ ተደግፈዋል። ጋቢያቸው ደረቅ ነው። መሬቱም ትናንት በእበት ተለቅልቆ ደርቋል፤ አንድም የረጠበ ቦታ አይታይበትም። ፊታቸው አብጧል። ጢማቸው ላይ ነጭ አረፋ ደርቋል። ከትራሱ አጠገብ አንዲት የእንጨት ቆሪ ተደፍታለች። ከተቆለፈው እንስራ ሥር ጥቂት ባቄላ የያዘች ገበቴ ተቀምጣለች። ከመደቡ ሥር አንድ ትንሽ ቅል ተጋድሟል፤ አፉ ላይ የቅቤ ፍንጣሪ ተጣብቆበታል።

ከጤና ጣቢያ የተጠራው ድሬሰር ንጉሡ ጥግ ይዞ ቆሟል። ቦርሳውን ገና አልከፈተም።

ፈንታሁን ተንበርክኮ የሟቹን ቅልጥም በአውራ ጣቱ ተጫነ። ጣቱን ሲያነሳ ጉድጓዱ እንዳለ ቀረ።

«ድሬሰር ንጉሡ፣ በጥም የሞተ ሰው አይተው ያውቃሉ?»

«አይቻለሁ።»

«እንዲህ ነው?»

ንጉሡ ጉድጓዱን አየና «አይደለም» አለ። «ዓይኑ ይጎደጉዳል፤ ከንፈሩ ይሰነጠቃል፤ ቆዳው አጥንቱ ላይ ይጣበቃል። ይሄ ውሃ ነው። እግር ላይ ይጀምርና ሽቅብ ይወጣል። ሳንባ ሲደርስ ሰውየው መጋደም አይችልም፤ ተቀምጦ ያድራል። በመጨረሻ ደረቅ መሬት ላይ ይሰጥማል።»

ከዚያ ነገሩን አስረዳው። የመሪጌታ ሁለቱም ኩላሊቶች ደክመዋል። የጠጡትን ማውጣት አይችሉም። የደሴው ሐኪም ከአንድ ወር ተኩል በፊት ሲሸኛቸው፣ በቀን ከሦስት ኩባያ በላይ እንዳይጠጡ፣ ጉሮሯቸው የሚያልፈው ሁሉ እንዲቆጠር ጽፎ ሰጥቷቸዋል። ወረቀቱን ለቤተሰቡ ያነበበው፣ ኩባያውንም መርጦ ለባፈና የሰጠው ንጉሡ ራሱ ነው።

«ጉሮሯቸው የሚያልፈው ሁሉ ይላል?»

«ይላል።»

«ሁሉም ገብቷቸዋል?»

ንጉሡ ቦርሳውን ከግራ ወደ ቀኝ እጁ አዛወረ። «አንብቤላቸዋለሁ» አለ።

ፈንታሁን ከመደቡ ሥር የሟቹን የቆዳ ሰንደል አነሳ። ማሰሪያው አራት ቀዳዳ አለው። አንደኛው ዘለበቱ ለዓመታት ስላረፈበት ተልጓል። ቀጥለው ያሉት ሁለቱ ብዙም አልተነኩም። አራተኛው ግን ፋብሪካ የሠራው አይደለም፤ በወስፌ የተበሳ፣ ዳሩ ገና ያልተላገ ነው። የሰውየው እግር በጥቂት ቀን ውስጥ ከመጀመሪያው ቀዳዳ ተነስቶ ጫማው የማያውቀው ቀዳዳ ላይ ደርሷል።

ባፈናን ያገኛት የማኅበሩ መጋዘን ውስጥ፣ ማዳበሪያ ከረጢት ላይ ተቀምጣ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። የእንስራው መቆለፊያ ቁልፍ ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ወይዘሮ ባፈና፣ ገደልኳቸው ብለዋል አሉ።»

«ብያለሁ።»

«በምን?»

«በእጄ።»

ከዚያ ወዲያ ስለ ሞቱ አንድ ቃል አልወጣትም። ስለ ውሃው ሲጠይቃት ግን መናገር ጀመረች። ማንበብ አትችልም። ስለዚህ አንድ ኩባያ ባጠጣች ቁጥር አንዲት ባቄላ ገበቴ ውስጥ ትጥላለች። ሦስት ሲሞላ የእንስራውን ክዳን በሰንሰለት ትቆልፋለች። ጠዋት ባቄላዎቹን ወደ ማሰሮ መልሳ እንደገና ከአንድ ትጀምራለች። አርባ ሦስት ቀን እንዲህ አደረገች።

«ድምፃቸውን ያውቁታል?» አለች ድንገት። «መሪጌታ ዜማ ሲያነሱ ወንዝ ማዶ ይሰማ ነበር። ‹ባፈና፣ ጉሮሮዬን ብቻ ላርጥበው፣ አንዲት ሃሌ ሉያ ልበል› ይሉኛል። እኔ እምቢ እላለሁ። እሳቸው ውስጥ ያለቅሳሉ፤ እኔ ጓሮ ወጥቼ አለቅሳለሁ። ወንዝ ስወርድ ሴቶቹ ሰላም አይሉኝም። ለውሻ እንኳ የማይከለከለውን ከለከለች ይሉኛል። ስሜ ውሃ ከልካይ ሆኗል።»

«ላም አለዎት?»

ጥያቄው ገርሟት ቀና አለች። «ነጥፋለች። ኸጥር ወዲህ ወተት ቀምሰን አናውቅም።»

«ትናንትና ስንት ኩባያ ሰጧቸው?»

ባፈና ጉልበቷን አቅፋ ወደ መሬት አቀረቀረች። እሱ እስኪወጣ ድረስ ቀና አላለችም።

ሲመለስ የሟቹ ታላቅ እህት እማሆይ የዓለምዘርፍ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው አገኛቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ መንኩሰው ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ይኖራሉ። አጠገባቸው አንድ ቢጫ ጀሪካን ቆሟል፤ አፉ በቅጠል ተወትፏል፤ ግማሽ ድረስ ጎድሏል። ፈንታሁን እጃቸውን ስሞ ተቀመጠ።

«አብሽሩ እማሆይ።»

«ምን አብሽር አለ ልጄ። ወንድሜ በጥም ሄደ።»

«እርስዎ ውሃ አላጠጧቸውም?»

«ኸወዴት አምጥቼ? ቁልፉ ኸሷ አንገት አልወረደም።» ቀስ ብለው ዓይናቸውን ጠረጉ። «አንተ የፈረንጅ አገር ተማርክ አሉ። እዚያም ለበሽተኛ ውሃ ይቆለፋል?»

«አንዳንዴ ይቆለፋል። የጀሪካኑስ?»

«የቅዱስ ሚካኤል ጠበል ነው። ሱባኤ ይዤለት ነበር፤ ሰባት ቀን። ትናንት ጨረስኩ።»

«ጠበሉ ሩቅ ነው?»

«ገደሉን ወርዶ መውጣት ነው። በዶሮ ጩኸት ተነስቼ ፀሐይ ሳይወጣ እመለሳለሁ።» ይህን ሲሉ ሰባ ዓመት ያለፈው ፊታቸው ላይ ትንሽ ኩራት ታየ።

አጥናፉ ከእድሞው አጥር አጠገብ ቆሞ መቃብር ቆፋሪዎችን ያዛል። ፈንታሁን ሰንደሉን ሲያሳየው ፊቱን አዞረ።

«ይቺን አራተኛ ቀዳዳ ማን በሳት?»

«እኔ። ማክሰኞ። ጠበበኝ ሲሉኝ።»

«ለምን እንደጠበበ አልጠየቁም?»

«ጓድ መቶ አለቃ፣ ገዳይዋ አምና ተቀምጣለች፤ እርስዎ የጫማ ቀዳዳ ይቆጥራሉ። ሶፊያ ላይ ሰው በጥም ሲሞት አላዩም መሰለኝ፤ እዚያ ውሃው ከግድግዳ ነው የሚወጣ።»

አጠገቡ የቆሙት ቆፋሪዎች ሳቃቸውን አፈኑ። ፈንታሁንም ፈገግ አለና ስለ ከብቱ ጠየቀው። ሁለት የሚታለቡ ላሞች እንዳሉት፣ በዚህ ድርቅ ባለ ወር በሰፈሩ የሚናጥ ወተት ያለው እሱ ቤት ብቻ መሆኑን አጥናፉ ሳያስበው ነገረው።

ስምንት ሰዓት ላይ ፈንታሁን አራቱን ወደ ቤት ጠራቸው። አስከሬኑ ታጥቦ ተገንዟል፤ በነጭ ተጠቅልሎ መደቡ ላይ አርፏል። ባፈና በታጣቂ ታጅባ ገባች፤ ከበሩ ሥር ቆመች። እማሆይ ከወንድማቸው ራስጌ ተቀመጡ። አጥናፉ ምሰሶውን፣ ንጉሡ ግድግዳውን ተደገፉ። ፈንታሁን ታጣቂውን ወደ ውጭ ላከና ከባቄላው ማሰሮ አንድ እፍኝ ዘግኖ፣ ሰፌድ መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ወይዘሮ ባፈና ናት የገደለቻቸው ተብሎ ተጽፎልኛል» አለ። «በጥም ነው ተብሏል። መጀመሪያ ይሄን እናንሳ። መሪጌታ በጥም አልሞቱም። በውሃ ብዛት ነው የሞቱት። ድሬሰር ንጉሡ አይተውታል። ተጋድመው መተኛት ካቃታቸውም ሰንብተዋል።»

አጥናፉ ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ንጉሡ ራሱን ሲነቀንቅ አይቶ ተወው።

«እንስራው ተቆልፏል። ስለዚህ ውሃው ከእንስራው አልመጣም። ከየት መጣ?» ወደ እማሆይ ዞረ። «እማሆይ፣ ጠበሉን ምን አደረጉት?»

«ምን ይደረጋል? ጠበል ነው።»

«አጥምቀዋቸው ቢሆን ጋቢያቸው ይረጥብ ነበር። የተለቀለቀው መሬትም ይበላሽ ነበር። ሁለቱም ደረቅ ናቸው። ጀሪካኑ ግን ጎድሏል፤ ቆሪዋም ከትራሱ አጠገብ ናት።»

«በባዶ ሆዱ አጠጣሁት» አሉ እማሆይ ሳይደብቁ። «በየማለዳው፣ ባፈና ሳትነሳ፣ አንዳንድ ቆሪ። ጠይቀኸኝ ቢሆን እነግርህ ነበር። ጠበል አይቆጠርማ። እሱ ራሱ፣ ያን ሁሉ የተማረው፣ ‹እህቴ፣ ጠበል ጾም አይገድፍ፣ ጠበል ኸሐኪም ቁጥር አይገባ› አለኝ።»

ፈንታሁን ረጋ ባለ ድምፅ መለሰ። «ጠበሉን አልሻርኩም፣ እማሆይ። ለነፍስ ጠበል ነው። ያ የደከመ ኩላሊት ግን መልሶ ማውጣት ነበረበት፤ አልቻለም። ቆሪዋን በኩባያው ሰፍሬያታለሁ። ሦስት ኩባያ ትይዛለች።» ሃያ አንድ ባቄላ ቆጥሮ ሰፌዱ ላይ አፈሰሰ። «ሰባት ማለዳ።»

እማሆይ ሰፌዱን አዩ። ከዚያ እጃቸውን አዩ።

«የኔ ነው?» አሉ። «ይሄ ሁሉ የኔ ነው?»

ፈንታሁን ከመደቡ ሥር ቅሉን አወጣ።

«ይሄ አሬራ የነበረበት ቅል ነው። የዚህ ቤት ላም ነጥፋለች። ወተት የሚናጠው አንድ ቤት ነው።»

አጥናፉ ከምሰሶው ተላቀቀ። «አሬራ ምግብ ነው።»

«ስንት ቀን አመጡላቸው?»

«አራት። ባፈና ወንዝ ስትወርድ እየጠበቅኩ።» ድምፁ የሊቀመንበር ድምፅ መሆኑ ቀርቷል። «‹ዛሬ አንዲት ጠብታ አልቀመስኩም ልጄ› ይሉኛል። አባቴ ናቸው። ምን ልበል?»

«እግራቸው ሲያብጥ አይተዋል። ቀዳዳውን የበሱት እርስዎ ነዎት።»

«አይቻለሁ። በጥም የመጣ መስሎኝ ይበልጥ አመጣሁ።»

«ቅሏም ሁለት ኩባያ ትይዛለች» አለና ፈንታሁን ስምንት ባቄላ ጨመረ። ከዚያ ወደ ንጉሡ ዞረ፤ ንጉሡ ግን ቀድሞ ተናገረ።

«እማሆይ ባለፈው ዓርብ መጥተው ጠይቀውኛል። ‹ጠበልስ ይቆጠራል ወይ?› ብለው።» ቦርሳውን መሬት ላይ አኖረ። «ባለፈው ወር ስለ ጠበል አንድ ቃል ተናግረህ ሕዝብ አስቆጣህ ተብዬ በስብሰባ ተወግዣለሁ። ይቆጠራል ብል ሃይማኖት ነካ እባላለሁ። አይቆጠርም ብል ሰውየው ይሞታል። ‹እሱን ካህናቱን ጠይቁ› ብዬ በሩን ዘጋሁ።»

«ካህናቱን ጠየቅኩ፤ ያው ወንድሜ ነው ካህኑ» አሉ እማሆይ ዝግ ባለ ድምፅ።

ውጭ ካህናቱ ከበሮ ሲያስተካክሉ ይሰማል። ፈንታሁን ሰፌዱ አጠገብ ቁጭ አለ። ቁጭ ማለት የማይሆንለት ሰው መሆኑን የሚያውቅ ቢኖር ይገርመው ነበር። ከዚያ ከእፍኙ ሁለት ባቄላ ለይቶ ሰፌዱ ላይ አኖረ።

«እነዚህስ የማን ናቸው?» አለ አጥናፉ።

«የኔ። ሐሙስ ጣቢያ መጡ። እያለከለኩ ነበር፤ የመንገድ ድካም መሰለኝ። ስለ ጥማቸው ሲያወሩ ሁለት ብርጭቆ ውሃ ቀዳሁላቸው። መርቀውኝ ሄዱ። አራት ዓመት ሰው እንዴት እንደሚሞት ተምሬ፣ ፊቴ ተቀምጦ የሚሞት ሰው አላወቅኩም። አቤቱታቸውን ግን በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ጽፌዋለሁ።»

ባቄላዎቹን በጣቱ ወደ ሰፌዱ መሀል ሰበሰባቸው።

«መሪጌታ ሁላችንንም በየተራ ለመኑን» አለ ፈንታሁን። «እያንዳንዳችን የራሳችንን ብቻ አየን። ጠበል አይቆጠርም፤ አሬራ ምግብ ነው፤ የእንግዳ ውሃ ደግሞ ጨዋነት ነው። የቆጠረ አንድ ሰው ብቻ ነበር።» ገበቴዋን አነሳ። «ጠዋት ስመጣ ይቺን አየኋት። የትናንት ባቄላ አልተመለሰም። ወይዘሮ ባፈና፣ ሦስት መሆን ነበረበት።»

ገበቴዋን ወደ እነሱ ዘነበለ። አራት ነበሩ።

ባፈና ከበሩ ሥር ሳትንቀሳቀስ ተናገረች።

«ማታ ጀምበር ስትገባ ነው። ‹ባፈና፣ አርባ ሦስት ቀን አንድም ቀን አልራራሽልኝም› አሉኝ። እግራቸውን እያጠብኩ ነበር። ቁልፉን ፈታሁ። ጠጡና ‹እግዜር ይስጥሽ› አሉኝ። በትዳራችን እንዲያ ብለውኝ አያውቁም። ባቄላዋን ጣልኩ፤ መዋሸት አልችልበትም። ንጋት ላይ አረፋ ደፈቁ። ሐኪሙ ያለው ይሄን ነው፣ ከሦስት አታሳልፊ ነው ያለኝ። አሳለፍኩ። እኔ ነኝ የገደልኳቸው።»

አጥናፉ አቀረቀረ። የጻፈባት ክስ ስለከለከለችው ውሃ ነበር፤ እሷ ያመነችው ግን ስለሰጠችው ነው።

«ሠላሳ አንድ እዚህ አለ» አለ ፈንታሁን ሰፌዱን እያሳየ። «የእርስዎ አንድ ናት። እርስዎ ባይቆልፉት ኖሮ መሪጌታ ከፋሲካ አያልፉም ነበር። ድሬሰር ንጉሡ፣ ልክ ነኝ?»

«ልክ ነዎት» አለ ንጉሡ።

«የትኛዋ ኩባያ ገደለቻቸው?» አለች ባፈና።

ፈንታሁን ወደ ሰፌዱ አየ። ሶፊያ ያስተማሩት ሰዎች መልስ የሌለው ጥያቄ የለም ይሉ ነበር።

«አላውቅም» አለ። «የሚያውቅም ሐኪም የለም።»

አጥናፉን ያን ደብዳቤ እንዲቀድ አላዘዘውም። ሌላ እንዲጽፍ ወረቀት ብቻ ሰጠው። አጥናፉ ምሰሶው ሥር ተንበርክኮ፣ ባፈና ከክሱ ነፃ መሆኗን፣ ቤቱና መሬቱም የእሷ መሆኑን ጻፈ። ቀጥሎ ሳይጠየቅ አሬራውን ጻፈ። ማኅተሙን አንድ ጊዜ ብቻ መታ።

አስከሬኑን ሊያወጡ ሲነሱ እማሆይ የባፈናን ክንድ ያዙ። ሴቶቹ ወደ ተቀመጡበት ወሰዷትና ከሁሉ ፊት አስቀመጧት። አንዷ ሴት ልትነሳ ቃጣት።

«ቁጭ በይ» አሏት እማሆይ። «ወንድሜን ሳልቆጥር ያጠጣሁት እኔ ነኝ። ውሃ ከልካይ ያላችኋት ብቻዋን ስታኖረው ነበር። ይሄን ለመስማት ነው የመጣችሁት፤ አሁን አልቅሱ።»

ከቀብር መልስ ፈንታሁን በቅሎውን ሲጭን ባፈና ገበቴዋን ይዛ መጣች። ሦስቱን ባቄላ ወደ ማሰሮው መልሳለች። አራተኛዋ መዳፏ ላይ ናት።

«ይቺን ይተዋት ወይዘሮ ባፈና» አላት። «ከሠላሳ አንዱ ጋር ትቀላቀል።»

«አይ ጌታዬ» አለች። «የሰው በሰው ላይ አይቀላቀልም። ይቺን እኔ አውቃታለሁ።»

ባቄላዋን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረቻትና ወደ ለቀስተኛው ተመለሰች።

መንገዱ ወንዝ ላይ ሲደርስ በቅሎዋ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ጠጣች። ፈንታሁን ከጠዋት ጀምሮ አፉን አላረጠበም፤ ጉሮሮው ደርቋል። መሐረቡን ሊያወጣ እጁን ኪሱ ሲከት ጣቱ ሁለት ባቄላ ነካ። ከሰፌዱ መቼ እንዳነሳቸው አላስታወሰም። በቅሎዋ ጠጥታ እስክትጠግብ ድረስ መዳፉ ላይ እንደያዛቸው ወንዙ ዳር ቆመ፤ ከዚያ ወደ ኪሱ መለሳቸውና ሳይጠጣ ተሻገረ።